የአርሲ ብርድና የሻርዶኔ ብርድ

ስለ ወይን ጠጅ ጥቂት ያነበበ ሰው ስለ አሰላ ሲያስብ በቀላሉ የሚደርስበት ድምዳሜ አለ። ውድ የሚባለው ነጭ ወይን ጠጅ፣ በተለይም ሻርዶኔ፣ የቀዝቃዛ አገር ምርት ነው፤ አርሲ ደጋ ቀዝቃዛ ነው፤ እንግዲያው በጭላሎ ተራራ ሥር ሻርዶኔ ቢተከል ከፈረንሳይ ጋር የሚፎካከር ወይን ይገኛል። ሐሳቡ የሞኝ ሐሳብ አይደለም፤ ቁጥርም ይደግፈዋል። ከአሰላ በስተሰሜን፣ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው የቁሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል አማካይ የሙቀት መጠን ሌሊት ወደ 10፣ ቀን ወደ 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ሲካፈል 16 ከምናምን ይሆናል። በዓለም ላይ ሻርዶኔ በደንብ የሚበስልባቸው ቦታዎች በእድገት ወራት ከ14 እስከ 18 ዲግሪ ያህል አማካይ አላቸው። በወረቀት ላይ አርሲ ፈተናውን አልፏል ማለት ነው። ስህተቱ ያለው አማካይ ቁጥሩ የሚደብቀው ነገር ላይ ነው።

በሰሜን ቡርጎኝ ያለችውን ሻብሊን እንውሰድ፤ የቀዝቃዛ አየር ሻርዶኔ ሲባል መጀመሪያ የምትጠራው እሷ ናት። እዚያ በሐምሌ የቀኑ ሙቀት ከቁሉምሳ ይበልጣል። በሰኔ ፀሐይዋ 16 ሰዓት ያህል ከሰማይ አትወርድም። አሰላ 8 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ስለሆነች ረጅሙ ቀኗ ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙ አያልፍም። ሻብሊን ቀዝቃዛ ያሰኛት በጋዋ አይደለም፤ ከበጋው ፊትና ኋላ ያለው ነው። ክረምቱ ሐረጉን ያስተኛዋል፤ ቅጠሉ ይረግፋል፣ እምቡጡ የሚያስፈልገውን ብርድ ይጠግብና በሚያዝያ ሁሉም በአንድነት ይፈነዳል። ከዚያ ረጅሙ ቀን ስኳሩን ይሞላዋል። ፍሬው ሊበስል ሲቃረብ ሌሊቱ መቀዝቀዝ ይጀምራል፤ በሙቀት ቶሎ የሚቃጠለው የፖም ዓይነቱ ኮምጣጣ አሲድ በፍሬው ውስጥ ይተርፋል። ብርዱ የሚጠቅመው በሰዓቱ ሲመጣ ነው። አርሲ ላይ ብርዱ ዓመቱን ሙሉ የተዘረጋ ነው፤ ሐረጉን የሚያስተኛ ክረምት፣ ፍሬውን የሚያፈጥን ረጅም የበጋ ቀን የለም። እንዲህ ባለ ቦታ ሐረግ ሳይተኛ ማቆጥቆጡን ይቀጥላል፣ እምቡጡ ተራ በተራ ይፈነዳል፣ በአንድ ግንድ ላይ አበባ፣ ጥሬና የበሰለ ዘለላ አብረው ይታያሉ። ከእንዲህ ያለ ማሳ አንድ ወጥ ጭማቂ ማግኘት ከባድ ነው።

ዝናቡ ደግሞ አለ። የእኛ ክረምት የሚዘንብ ክረምት ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም የአርሲ ደጋ በዝናብና በጉም ይሸፈናል። የወይን ቅጠልና ዘለላ የሚያጠቁ ሻጋታዎች የሚፈልጉት ይህንኑ ነው፤ የሻርዶኔ ልጣጭ ስስ፣ ዘለላውም የተጠጋጋ ስለሆነ አንድ ፍሬ ሲበሰብስ ጎረቤቱን ይዞ ይሄዳል። እዚህ ላይ ሊነሳ የሚገባው ተቃውሞ አለ፦ በሐሩር አገር የሐረጉን ወቅት የሚወስነው ገራዡ ነው፤ ፍሬው በታኅሣሥና በጥር፣ በደረቁ ወራት እንዲበስል አድርጎ መግረዝ ይቻላል። ልክ ነው፣ ይቻላል። ግን ፍሬው በታኅሣሥ እንዲበስል ከተፈለገ ሐረጉ የሚያቆጠቁጠውና የሚያብበው በክረምት ነው፤ አበባ በዝናብ ውስጥ ደግሞ ፍሬ መያዝ ይቸግረዋል። በበቆጂ በኩል ወደ 2,800 ሜትር ከተወጣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጨመርበታል። ከአንዱ ችግር የሸሸ ሌላው ላይ ይወድቃል።

ባለሙያዎች ወይን የተከሉበትን ቦታ ማየት ይበቃል። የፈረንሳዩ የመጠጥ ኩባንያ ካስቴል በ2000 ዓ.ም. ገደማ የመረጠው ባቱን፣ የቀድሞዋን ዝዋይ ነው፤ ከፍታው ከ1,600 ሜትር ብዙ አይርቅም። 120 ሄክታር ላይ ወደ 750 ሺህ ሐረግ ተተከለ፤ ጉማሬና ጅብ እንዳይገባ ዙሪያው ቦይ ተቆፈረለት፤ በ2006 ዓ.ም. ሪፍት ቫሊና አካሲያ የተባሉት ወይኖች ለገበያ ቀረቡ። ከሜርሎ፣ ከሲራና ከካበርኔ ሶቪኞ ጋር ሻርዶኔም አለበት። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ የወይን እርሻም ያለው በአርሲ ዞን ነው፣ ግን በሞቃታማው መርቲ፣ በአዋሽ ሸለቆ። ሁለቱም ብርዱን ትተው የመረጡት ዝናብ የሚያንስበትን፣ ውሃውን በመስኖ መክፈትና መዝጋት የሚቻልበትን ቦታ ነው። ውሃ ሲቋረጥ ሐረጉ ያርፋል፤ ሲገረዝና ሲጠጣ ይነሳል። ክረምት የነፈገውን እንቅልፍ ሰው በእጁ ይሰጠዋል።

ሌላው የተለመደ እምነት የመጥመቂያውን ሥራ ለአየሩ ይሰጣል። ቅቤ ቅቤና ቫኒላ የሚል ሻርዶኔ ሲቀመስ «ይህ የብርድ አገር ጣዕም ነው» ይባላል። ሽታው ከፍሬውም ከብርዱም አልመጣም። ዘለላው ተጨምቆ፣ ጭማቂው አድሮ ከጠለለ በኋላ እርሾው ሲገባበት በሊትር 17 ግራም ያህል ስኳር ወደ አንድ በመቶ አልኮል ይለወጣል፤ 200 ግራም ስኳር የያዘ ጭማቂ 12 በመቶ አካባቢ ይደርሳል። ቀጥሎ የሚመጡት ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የፖሙን አሲድ ወደ ለዘብተኛው የወተት አሲድ ይቀይሩታል፤ የቅቤው ሽታ የዚህ ሥራ ተረፈ ምርት ነው። ቫኒላው የኦክ በርሜል ነው፤ በቡርጎኝ የተለመደው በርሜል 228 ሊትር ይይዛል። ወይኑ በአተላው ላይ ለወራት ተቀምጦ በዱላ ሲማሰል ወፍራምና ለስላሳ ይሆናል፤ አተላን ከጠላ ጋር ለሚያውቅ ሰው ይህ ሊገርመው ይችላል። ለዚህ ሁሉ ማስረጃው ራሷ ሻብሊ ናት፦ አብዛኛው ወይኗ የሚጠመቀው በብረት ጋን ስለሆነ ቫኒላ አይሸትም፣ አገሩ ግን ከቡርጎኝ ቀዝቃዛ ክፍሎች አንዱ ነው። በተቃራኒው ሞቃት አገር ያለ ጠማቂ ፍሬውን ቀደም ብሎ በሌሊት ለቅሞ፣ ጭማቂውን አቀዝቅዞ፣ ባክቴሪያውን ከልክሎ ኮምጣጣነቱን በከፊል ሊያድን ይችላል። ሁሉንም አይደለም፤ ባቱ ላይ የተሠራ ሻርዶኔ ሻብሊ ይሆናል ብሎ መጠበቅ ወይኑን መበደል ነው።

በምድር ወገብ አጠገብ በደጋ ወይን የሚያመርቱ አሉ አይደል? አሉ። በኢኳዶር ከኪቶ ከተማ አቅራቢያ ከአሰላ ጋር በሚቀራረብ ከፍታ የተተከለ ወይን አለ፤ በኬንያም ናይቫሻ አካባቢ፣ ዝቅ ብሎ። እነዚህ እርሻዎች ደጋ ላይ ወይን ማብሰል እንደሚቻል ያሳያሉ፤ ዝናባማ ደጋ ሁሉ ለሻርዶኔ ይሆናል ግን አይሉም። ደግሞ የአርሲ ደጋ ሥራ ፈት መሬት አይደለም። ብርዱን በሚገባ የሚጠቀም ሰብል አለው፤ የቢራ ገብስ። በክረምት ዝናብ ይበቅላል፣ በኅዳርና ታኅሣሥ ደረቅ አየር ይታጨዳል፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮም አሰላ ላይ የብቅል ፋብሪካ አለው። ለወይን ሲባል ይህን መሬት መንካት ለእኔ ስሌቱ አይገባኝም።

ሙከራ ይደረግ ከተባለ ቦታው የጭላሎ ጉያ አይደለም። ከዝዋይ ሐይቅ ምሥራቅ፣ ከዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ወደ ቁሉምሳ የሚወጣው ተዳፋት ከባቱ ቀዝቀዝ፣ ከአሰላ ደረቅ ይላል። በተለያየ ከፍታ ጥቂት ጥቂት ረድፍ ቢተከል ሐረጉ በሦስተኛውና በአራተኛው ዓመት ፍሬ ይሰጣል፤ ያኔ በአንድ ለቀማ የጭማቂው ስኳርና አሲድ አብሮ ይለካል፣ ስንቱ ዘለላ እንደበሰበሰም ይቆጠራል።