የተባይ መድኃኒት ዕቃ የምግብ ዕቃ እንዳይኾን

በአገራችን የገበሬው ቤት ዕቃ ከቀድሞው እጅግ ተለውጧል። እናቶቻችን ውኃ በእንስራ፣ ወተት በቅል፣ ቅቤ በማሰሮ ያኖሩ ነበር፤ አኹን ግን በየቤቱ የሚገኘው የፕላስቲክ ጀሪካን፣ ባልዲና ጠርሙስ ነው። ጀሪካን ቀላልና የማይሰበር ስለ ኾነ የሴቶችን ሸክም አቃሏል፤ አፉም ጠባብ ስለ ኾነ እጅ እየገባ ውኃውን አያቆሽሸውም። ስለዚህ የፕላስቲክን ዕቃ ኹሉ መንቀፍ አይገባም። ነገር ግን ዕቃው አስቀድሞ ምን ይዞ እንደ ነበረ ሳይጠይቁ ምግብ ማኖር ነፍስ የሚያጠፋ ጕዳት ያመጣል። ይህንንም ለሕዝቡ ማስታወቅ የየወረዳው ሹማምንትና ሰፊ እርሻ ያላቸው ሰዎች ተግባር ነው።

በሕንድ አገር፣ በቢሀር ግዛት፣ ሐምሌ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. በአንድ የመንደር ትምህርት ቤት ምሳ ከበሉት ሕፃናት 23 ሞቱ። ምግቡና ዘይቱ ቢመረመር ሞኖክሮቶፎስ የሚባል የተባይ መርዝ ተገኘበት፤ ዘይቱም የተባይ መድኃኒት በነበረበት ዕቃ ተቀምጦ እንደ ነበረ ተነገረ። ቢሀር ከእኛ ሩቅ ነው። ይኹን እንጂ የእኛም ገበሬ ለአረምና ለተባይ መድኃኒት ይረጫል፤ ባዶው ጀሪካንም ጠንካራና መልካም መስሎ ስለሚታይ አጥቦ ውኃ፣ ጠላ ወይም ዘይት የሚያኖርበት አይታጣም።

ብዙ ሰው በሳሙናና በዐመድ ደኅና አድርጎ ካጠበው ዕቃው የጠራ ይመስለዋል። ይህ ስሕተት ነው። ፕላስቲክ እንደ ብርጭቆ አይደለም፤ መድኃኒቱ ጥቂት በጥቂት ወደ ግድግዳው ይሰርጋል፤ በኋላም ተመልሶ ወደሚጨመርበት ነገር ይወጣል። ከእነዚህም መድኃኒቶች ብዙዎቹ በቅባት የሚሟሙ ስለ ኾኑ ዘይት፣ ቅቤና ወተት ከውኃ ይልቅ አብዝተው ይስቡታል። የሽታው መጥፋትም የመርዙን መጥፋት አያስረዳም።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ከዓለም የጤና ድርጅት ጋራ በ2000 ዓ.ም. ስለ ባዶ የተባይ መድኃኒት ዕቃዎች አያያዝ መመሪያ አውጥቷል። መድኃኒቱ እንዳለቀ ወዲያው ከዕቃው ሩቡን ያህል ንጹሕ ውኃ ጨምሮ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ 30 ሰከንድ ያህል መነቅነቅና እጣቢውን ወደ መርጫው መገልበጥ ይገባል፤ ይህም 3 ጊዜ ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይገለገልበት ዕቃው ይበሳል። ይህ እጥበት የቀረውን መድኃኒት ለማሳነስ ነው እንጂ ዕቃውን ለምግብ የሚያበቃ አይደለም። እጣቢውን ወደ ወንዝ መድፋት፣ ዕቃውንም በግቢ ማቃጠል አይገባም፤ ጢሱ ራሱ ይጐዳልና።

ከመዠመሪያው የምግብ ዘይት ወይም የመጠጥ ውኃ ይዞ የመጣ ዕቃ ግን በጥንቃቄ ሊያገለግል ይችላል። ሕዝቡ ሃይላንድ የሚለው ስስ የውኃ ጠርሙስ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ስለዚህ የፈላ ሻይ ወይም የቀለጠ ቅቤ አይጨመርበትም። ጀሪካኑን በሳሙናና በንጹሕ ጠጠር እየነቀነቁ ማጠብ፣ የተሰነጠቀውንና ውስጡ የተፋፋቀውን መተው ነው፤ ጀርም በፍቅፋቂው ውስጥ ይሸሸጋልና። ከዕቃው በታች በሦስት ማዕዘን የተቀረጸው ቍጥር የፕላስቲኩን ዐይነት ብቻ ይናገራል እንጂ አስቀድሞ ምን እንደ ነበረበት አይናገርም።

በመርዙ የተያዘ ሰው ምራቁና ላቡ ይበዛል፤ ያስመልሰዋል፤ የዐይኑ ብሌን ይጠባል፤ ሥጋው ይንቀጠቀጣል፤ ትንፋሹም ይቸገራል። እንዲህ ያለውን ሰው ማስገደድና ማስመለስ ሳይሞክሩ ከዕቃው ወይም ከጽሕፈቱ ጋራ ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ከሹማምንት የሚጠበቀው ይህ ነው። በገበያ ቀን፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ ደጃፍ፣ በዕድርም ስብሰባ ነገሩ ይነገር። ባዶ የመድኃኒት ጀሪካን ገበያ ወጥቶ እንዳይሸጥ ይጠበቅ። የተበሳውም ዕቃ የሚከማችበት የተቈለፈ ቤት ይዘጋጅ። ሰፊ እርሻ ያላቸውም ሰዎች ባዶውን ዕቃ ቈጥረው ይረከቡ፤ ለቀን ሠራተኛ እንደ ስጦታ አይስጡ።

ይኹን እንጂ መከልከል ብቻውን አይበቃም። ድኻው ሰው የመድኃኒቱን ጀሪካን የሚያነሣው ንጹሑን ለመግዛት ስለሚቸግረው ነው። ስለዚህ የምግብ ዘይት የነበረበት ጀሪካን በቅናሽ ዋጋ በየገበያው እንዲገኝ ሹማምንት ከነጋዴዎችና ከኅብረት ሥራ ማኅበራት ጋራ ቢመክሩ፣ ትእዛዙ በገበሬው ቤት የሚፈጸም ይኾናል።