ሁለት ሳንቲም ከጠረጴዛ ላይ

የልጅ ጥያቄ ለወላጅ ዕዳ ነው። «ከእኩል ከፍታ አንዱ ድንጋይ ወደ ፊት በአግድም ቢወረወር፥ ሌላው ዝም ብሎ ቢለቀቅ፥ ቀድሞ መሬት የሚደርሰው የትኛው ነው?» ብሎ ልጃችን ቢጠይቀን፥ ብዙዎቻችን «የተወረወረው መንገዱ ረዥም ነውና ይዘገያል» ብለን እንመልሳለን። ነገር ግን ተሳስተናል።

እውነቱን በቤታችን ልንመረምረው እንችላለን። አንዱን ሳንቲም በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እናኑር፤ ሁለተኛውን ከጠርዙ ውጭ በዚያው ከፍታ እንያዝ። ከዚያም የፊተኛውን በጣታችን ስናስፈነጥር ሁለተኛውን በዚያው ቅጽበት እንልቀቅ። ጆሮአችን የሚሰማው አንድ ድምፅ ነው። የጠረጴዛው ከፍታ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፥ ሁለቱም ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ አብረው ወለሉን ይመታሉ።

ምክንያቱም ወደ ፊት መሄድና ወደ ታች መውደቅ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አያዘገየውም። አየሩ ካልተቃወመው በቀር የፊት ፍጥነቱ አይለወጥም፤ የመውደቁ ፍጥነት ግን እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ መንገዱ ይጎብጣል። ይህንም የኢጣልያው ሊቅ ጋሊሌዎ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1638 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ አስረድቶአል።

እንግዲህ ልጃችን ሲጠይቀን በቍጣ ዝም አናሰኘው፤ ሳንቲሙን ሰጥተነው እኛም ከርሱ ጋራ እንማር።