አልሙኒየም ፎስፋይድ

አልሙኒየም ፎስፋይድ ከአልሙኒየምና ከፎስፈረስ የተሠራ ኬሚካዊ ውህድ ነው። ራሱ ጠጣር ነው፤ እርጥበት ሲነካው ግን ፎስፊን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይለቃል። በዚህ ባሕርዩ ምክንያት የተከማቸ እህልን ከነቀዝና ከሌሎች ተባዮች ለመጠበቅ በብዙ አገሮች ያገለግላል። በኢትዮጵያ በይበልጥ የሚታወቀው በክኒን መልክ ሲሆን፣ ከንግድ ስሞቹ አንዱ ፎስቶክሲን ነው። ሰሊጥና ማሽላ በብዛት በሚመረትበት በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ውህዱ ከሙቀትና ከእርጥበት ጋር ያለውን ጠባይ ማወቅ የሰው ሕይወት የሚያድን እውቀት ነው።

ባሕርያት

በአንድ ሞለኪዩላዊ ቀመር ውስጥ አንድ የአልሙኒየም እና አንድ የፎስፈረስ አቶም ይገኛሉ። የቀመር ክብደቱ 58 ገደማ ነው። ለንግድ የሚቀርበው ግራጫ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ ነው። ሙሉ በሙሉ ደረቅ በሆነ ቦታ በጣም የተረጋጋ ሲሆን የሚቀልጠው ከ2,500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው። ግማሽ አስተላላፊ (ሴሚኮንዳክተር) ስለሆነም በኤሌክትሮኒክስ ምርምር ይጠናል።

ከውሃ ጋር ያለው አፀግብሮት

አልሙኒየም ፎስፋይድ + ውሃ → አልሙኒየም ሃይድሮክሳይድ + ፎስፊን

ይህን አፀግብሮት ለማስጀመር የፈሰሰ ውሃ አያስፈልግም፤ በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ይበቃል። አየሩ ሲሞቅና እርጥበቱ ሲጨምር ጋዙ ቶሎ ይወጣል፤ አየሩ ደረቅ ሲሆን ይዘገያል። አሲድ ሲነካው አፀግብሮቱ እጅግ ይፈጥናል።

ፎስፊን ከአንድ የፎስፈረስና ከሦስት የሃይድሮጅን አቶሞች የተሠራ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ1783 ፈረንሳዊው ፊሊፕ ዣንዣምብር አገኘው። ቀለም የለውም፤ ከአየር ትንሽ ይከብዳል። ንጹሕ ፎስፊን ሽታም የለውም። ከክኒን የሚወጣው የነጭ ሽንኩርት ወይም የተበላሸ ዓሣ ሽታ ያለው አብረውት ባሉ ሌሎች ጋዞች ምክንያት ነው። እነዚህን ጋዞች እህሉ ሊመጣቸው ስለሚችል፣ ሽታ ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም።

ፎስፊን ተቀጣጣይም ነው። በአየር ውስጥ ያለው መጠን ከ1.8 በመቶ ገደማ ካለፈ ሊነድ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። በራሱ የሚቀጣጠልበት ሙቀት 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ተብሎ ይጻፋል፤ የመተማ ቆላ ቀን ደግሞ በበጋው መጨረሻ ከዚህ ሊያልፍ ይችላል። ክኒኖችን በአንድ ቦታ መከመርና ውሃ ማፍሰስ የተከለከለውም ጋዙ በአንድ ጊዜ በብዛት እንዳይወጣ ነው። በብዙ የክኒን ዓይነቶች ውስጥ አሞኒየም ካርባሜት የሚጨመረው አሞኒያና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመልቀቅ የእሳቱን አደጋ እንዲቀንስ ነው። የአሞኒያው ሽታም ለሰው ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

ለእህል ማከማቻ ያለው አገልግሎት

ውህዱ ለእህል ማጠኛነት መዋል የጀመረው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጀርመን ነው። አንድ 3 ግራም የሚመዝን ክኒን 1 ግራም ያህል ፎስፊን ይለቃል። ጋዙ በጆንያና በእህል ፍሬ መካከል ሰርጎ ይገባል፤ በፍሬው ውስጥ የተደበቀ እንቁላልና እጭ ላይም ይደርሳል። በሕዋስ ውስጥ ኦክስጅንን ወደ ኃይል የሚለውጠውን ሥርዓት ያግዳል። ይህ ሥርዓት በነቀዝም በሰውም ውስጥ ስላለ፣ ፎስፊን ሁለቱንም ይገድላል።

ጋዙ እንዲሠራ ማከማቻው ለበርካታ ቀናት አየር እንዳያስወጣ ሆኖ መታሸግ አለበት። ከእንጨት ተሠርቶ በጭቃ የተለሰነ ጎተራ፣ ወይም ቆርቆሮው ክፍተት ያለው መጋዘን ይህን አያሟላም። ጋዙ ሲያፈተልክ ሁለት ጉዳት ይደርሳል። በውስጥ የቀረው ጋዝ ስለሚያንስ ጠንካራ ነቀዞች ይተርፉና ፎስፊንን የሚቋቋም ዘር ይተካሉ። የወጣው ጋዝ ደግሞ አጠገብ ወደሚተኛ ሰው ይሄዳል።

በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ

የምዕራብ ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ገንዳ ውሃ ሲሆን፣ መተማ ዮሐንስ በሱዳን ድንበር ላይ ከጋላባት ፊት ለፊት ትገኛለች። የአካባቢው ዋና ሰብሎች ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ናቸው። በመኸር ወቅት ከደጋ የሚመጡ ብዙ የቀን ሠራተኞች በእርሻ ቦታ ያድራሉ። እህልና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩ ከሆነ አደጋው በቀላል ስሌት ይታያል። 30 ሜትር ኩብ በሆነ ዝግ ክፍል ውስጥ የአንድ ክኒን ጋዝ በሙሉ ቢወጣ፣ በአየሩ ውስጥ ያለው ፎስፊን ከሚሊዮን 24 እጅ ያህል ይሆናል። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም የተመከረው የሠራተኛ ገደብ ከሚሊዮን 0.3 እጅ ነው። ስለዚህ የአንድ ክኒን ጋዝ ከገደቡ 80 ጊዜ ያህል ይበልጣል።

ሌላው አሳሳች ነገር ከክኒኑ የሚተርፈው ዱቄት ነው። አመድ ስለሚመስል ሥራውን የጨረሰ ይመስላል። አብዛኛው ጉዳት የሌለው አልሙኒየም ሃይድሮክሳይድ ቢሆንም፣ ያልተለወጠ ፎስፋይድ ሊቀርበት ይችላል። በደረቁ የበጋ አየር ይህ ቅሪት ሊበዛ ይችላል፤ በኋላ ጣሪያው ሲያፈስ ወይም ወለሉ በውሃ ሲታጠብ እንደገና ጋዝ ይለቃል። ዱቄቱን በክዳን በተዘጋ ዕቃ ማጠራቀምም ጋዙን ያጠራቅማል።

የመመረዝ ምልክቶችና የመጀመሪያ እርዳታ

ጋዙን የተነፈሰ ሰው ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ሳል፣ የደረት መጥበብ፣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ሊሰማው ይችላል። ወባ በሚበዛበት ቆላ እነዚህ ምልክቶች ከወባ ጋር ሊምታቱ ይችላሉ። በአንድ ቤት ያደሩ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ከታመሙና በአቅራቢያው እህል ታጥኖ ከነበረ ፎስፊን መጠርጠር አለበት።

ሰዎችን ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ያስፈልጋል። ሊያድን የሚገባ ሰውም ያለ መከላከያ በዝግ ክፍል ውስጥ መቆየት የለበትም። ልዩ ማርከሻ ስለሌለው ሕክምናው ልብንና አተነፋፈስን መደገፍ ነው። የኬሚካሉን ስም ለሐኪሙ መንገር ጊዜ ይቆጥባል።

ቁጥጥርና አማራጮች

በኢትዮጵያ ፀረ ተባይ ኬሚካሎችን ለመመዝገብና ለመቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ወጥቷል። ፎስፊን የሚለቁ ምርቶች በሠለጠነ ባለሙያ፣ ሰው በማያድርበት ማከማቻ ብቻ እንዲያገለግሉ ይመከራል።

ለአነስተኛ ገበሬ ያለ ኬሚካል የሚሠራ አማራጭ አለ። አየር የማያስገባ ባለ ብዙ ሽፋን ከረጢት በደንብ የደረቀ እህል ይዞ ሲታሰር፣ ነቀዞቹ በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ጨርሰው ይሞታሉ። በዚህ መንገድ ጋዝ ስለማይለቀቅ፣ እህሉን ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ቤተሰቡን ለመመረዝ አያጋልጥም።