እግር ደጋግሞ ሲደነዝዝ ምን እየነገረን ነው?

እግር ደጋግሞ ሲደነዝዝ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው ብርድን ወይም የደም ዝውውርን ነው። መፍትሔውም ቅባት፣ መታሸት፣ በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ ይሆናል። እየተመላለሰ የሚመጣ መደንዘዝ ግን በአብዛኛው የነርቭ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ነርቭ የሚያገለግለው የቆዳ ክልል ስላለው፣ የደነዘዘው በትክክል የቱ ጋ እንደሆነ መለየት ከየትኛውም ውድ ምርመራ ሊቀድም ይገባል። አምስተኛው የወገብ ነርቭ በተንሸራተተ ዲስክ ሲጫን ስሜቱ በቅልጥም ውጫዊ ጎን ወርዶ የእግር ጀርባንና አውራ ጣትን ይይዛል። ከሱ ቀጥሎ ያለው ሲነካ ደግሞ ትንሿ ጣትና የእግር ውጫዊ ጠርዝ ይደነዝዛሉ። ጥብቅ ቀበቶ፣ እርግዝና ወይም የክብደት መጨመር በብሽሽት በኩል የሚያልፈውን ነርቭ ሲጫን የሚደነዝዘው የጭን ውጫዊ ጎን ብቻ ነው፤ ያ ነርቭ ጡንቻ ስለማያዝ እግር አይደክምም።

እርግጥ ቦታው ብቻውን የሚያሳስትበት ጊዜ አለ። ከጉልበት በታች በውጭ በኩል በምትዳሰሰው ጉብ ያለች አጥንት ላይ የሚዞረው ነርቭ፣ እግር አነባብሮ በመቀመጥ ወይም ለረጅም ሰዓት ቁጢጥ በማለት ሲጎዳ የሚያደነዝዘው ያንኑ የእግር ጀርባ ነው፤ የእግር መዳፍንም ወደ ላይ ማንሳት ያቅታል። ልዩነቱን የሚያወጣው ሐኪም በእጁ የሚያደርገው ጥንቃቄ ያለው ምርመራ ነው፤ ታማሚው እግሩን ወደ ውስጥ የማዞር አቅሙም ከደከመ ጥርጣሬው ወደ ወገብ ያደላል።

ሁለቱም እግሮች ከጣት ጀምረው እንደ ካልሲ ወደ ላይ እየደነዘዙ ከሄዱ ነገሩ ሌላ ነው። ረጃጅሞቹ ነርቮች ቀድመው ስለሚጎዱ፣ መንስኤው መላ ሰውነትን የሚነካ መሆኑን ያመለክታል። ቀዳሚው ተጠርጣሪ የስኳር ሕመም ነው። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት (ለስኳር የሚሰጠው ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ሊያስከትለው ይችላል)፣ የመጠጥ ብዛት፣ እንዲሁም አይሶናያዚድ የተባለው የቲቢ መድኃኒት ይከተላሉ፤ ከዚህ መድኃኒት ጋር ቫይታሚን ቢ6 የሚታዘዘውም ለዚሁ ነው። ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ስሜት የሌለው የቆዳ ምልክት ካለ የሥጋ ደዌ መታሰብ አለበት፤ ዛሬ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነውና መደበቁ ብቻ ነው የሚጎዳው።

ሙቅ ውኃው አደገኛ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ስሜት የጠፋው እግር ቃጠሎን አይናገርም። ሐኪም በስኳር ታማሚ ውስጥ እግር ላይ ቀጭን የናይለን ክር ቀጥ አድርጎ እስኪጎብጥ ይጫናል፤ ክሩ የሚጎብጠው በ10 ግራም ግፊት ነው። ታማሚው ዓይኑን ጨፍኖ ይህን ካልተሰማው፣ ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠርም ላይሰማው ይችላል።

የደም ዝውውር ምንም ድርሻ የለውም ማለቴ አይደለም። የእግር ደም ሥር መጥበብ አለ፤ መለያው ግን ሲራመዱ ባትን ጨምድዶ ይዞ ሲቆሙ የሚለቅ ሕመም፣ የቀዘቀዘ እግርና በእግር ላይ የደከመ የደም ሥር ትርታ ነው። «ኤምአርአይ ተነስቶ መገላገል አይሻልም ወይ?» ለሚሉም፣ ምንም ሕመም የሌላቸው ብዙ ሰዎች ሲነሱ ዲስካቸው ወጣ ብሎ እንደሚታይ መታወስ አለበት፤ ምስሉ ከደነዘዘው ቦታ ጋር ካልገጠመ መልስ አይሆንም። ቀጠሮ የማይጠብቁት ግን ሁለት ናቸው፦ በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ ከሽንት መከልከል ወይም ማምለጥ ጋር፣ እንዲሁም ድንገት በአንድ ጎን እግርን፣ እጅንና ፊትን የሚይዝ መደንዘዝ። እነዚህን ይዞ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።