ከቅዝቃዜው ይልቅ መንገዱ

ከጎፋም ይምጡ ከጀሞ፣ ነፋስ ስልክ ወዳለው ክሊኒካችን የሚመጡ ባልና ሚስት ፅንሳቸው እንደሚቀዘቅዝ ሲነገራቸው ቀድመው የሚጠይቁኝ «መብራት ሲጠፋስ?» ብለው ነው። አይፈረድባቸውም፤ በየሰፈራችን መብራት ሲጠፋ ፍሪጅ ውስጥ ያለ ሥጋም ያሳስባል። ፅንሱ የሚቀመጥበት ጋን ግን በመብራት አይሠራም። የሚያቀዘቅዘው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ እየተነነ ስለሚቀንስ በየጊዜው ይለካል፣ ይሞላል። የሚያሰጋው መሙላቱ ከተረሳ ወይም ጋኑ ከተበላሸ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ በአንድ ጋን ላይ በደረሰ ብልሽት ከ4,000 በላይ እንቁላሎችና ፅንሶች ጠፍተዋል። ስለዚህ የትም ብትሄዱ ስለ ጄኔሬተሩ ከመጠየቃችሁ በፊት ናይትሮጅኑን ማን፣ በየስንት ቀኑ እንደሚለካው ጠይቁ።

ቀጥሎ የሚመጣው «ብዙ ሲቆይ አይሞትም?» የሚለው ነው። በዚያ ቅዝቃዜ ሕይወት ባለበት ቆሞ ይጠብቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ኦሪገን ውስጥ 30 ዓመት ከቆዩ ፅንሶች መንትዮች ተወልደዋል። ጉዳት የሚደርሰው ወደዚያ ሲወርድና ከዚያ ሲመለስ፣ በመንገድ ላይ ነው።

የሴት እንቁላል ከሰውነታችን ሴሎች ሁሉ ትልቋ ናት፤ ስፋቷ የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ሲሆን ውሃ የሞላባት ናት። ውሃው በዝግታ ከቀዘቀዘ በረዶ ይሠራል፤ ፍሪዘር ውስጥ እንደተረሳ ጠርሙስ ከውስጥ ይሰነጥቃታል። ዛሬ የምንሠራው ውሃውን በመከላከያ ፈሳሽ ተክተን፣ በረዶ ለመሥራት ፋታ ሳንሰጥ ናይትሮጅኑ ውስጥ መንከር ነው። መከላከያው ራሱ መርዝነት ስላለው በመጨረሻው ፈሳሽ ውስጥ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አናቆያትም።

ስትመለስ ደግሞ ከዚህ የባሰ ጥድፊያ አለ። የተቀመጠችበትን ቀጭን ዘንግ ከናይትሮጅኑ አውጥቼ 37 ዲግሪ የሞቀ ፈሳሽ ውስጥ የማስገባው በአንድ ሰከንድ ነው፤ ብዘገይ በረዶው መንገድ ላይ ይሠራል። ፈሳሹ ስኳር የበዛበት ነው፤ ውሃ በአንዴ ገብቶ እንዳያፈነዳት ይይዘዋል። በማይክሮስኮፕ ሳያት ተጨማዳ፣ አንድ ጎኗ ገብቶ ትታያለች። ስኳሩን ደረጃ በደረጃ ስንቀንስ ቀስ እያለች ትሞላለች፣ ክብ ትሆናለች። ያልተረፈችው ትጠቁራለች። በሥራዬ ውስጥ እንደዚህ ደቂቃ ትንፋሼን የሚያስይዘኝ የለም።

እንቁላልና ፅንስ አንድ አይደሉም። እንቁላል አንዲት ሴል ናት፤ እሷ ከሞተች ሁሉም አለቀ። ክሮሞዞሞቿን የያዙት ቀጫጭን ክሮች በቅዝቃዜ ይፈርሳሉ፤ እስኪጠገኑ ሁለት ሦስት ሰዓት እንጠብቃለን። ሽፋኗም ስለሚደድር የወንዱን ዘር በመርፌ እናስገባላታለን። አምስተኛ ቀኑን የያዘ ፅንስ ግን ከመቶ በላይ ሴሎች ስላሉት ጥቂቶቹን አጥቶም ይቀጥላል። በጥሩ ላብራቶሪ ከ10 እንቁላል 8 ወይም 9 ይተርፋሉ፤ ከ100 ፅንስ ደግሞ 95 ያህሉ። መትረፍ ግን መወለድ አይደለም፤ ይህን ሳይሰሙ የሚፈርሙ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ከላብራቶሪው እጅ ውጪ የሆነው ነገር ዕድሜ ነው። በ30 ዓመት የቀዘቀዘች እንቁላል በ40ም የ30 ዓመት ናት፤ በ41 የቀዘቀዘችን ግን የትኛውም መሣሪያ ወደ ኋላ አይመልሳትም። በ2011 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከተከፈተ ወዲህ በሩ ለብዙዎች ተከፍቷል። ሆኖም ብዙዎች የሚመጡት ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። ጠበሉንም ሐኪሙንም አብራችሁ ጀምሩ፤ ባልም ይመርመር።

ለሙያ አጋሮቼ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ኬሞቴራፒ የምትጀምር ወጣት ሴት እንቁላሎቿን ልታጣ ትችላለች። እንቁላል ለማውጣት የሚሰጠው መርፌ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጃል። እባካችሁ፣ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ንገሯት።