ፀሐይ የፈንግልን ቫይረስ ታጠፋለች፤ ክትባቱንም ታበላሻለች

ፈንግል ከገባ የጓሮ ዶሮን ጠራርጎ የሚጨርስ በሽታ ነው። የሚመጣው በቫይረስ በመሆኑ የሚያድን መድኃኒት የለውም። መከላከያው ንጽሕናና ክትባት ሲሆን ለሁለቱም የፀሐይን ጠባይ ማወቅ ይጠቅማል።

የፀሐይ ብርሃን አልትራቫዮሌት የተባለ በዓይን የማይታይ ጨረር አለው። ጨረሩ የቫይረሱን የዘር ቅንጣት ስለሚጎዳ ቫይረሱ በዶሮዋ ሰውነት ውስጥ መራባት ያቅተዋል። ጨረሩ የሚበረታው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ይሁን እንጂ የሚሠራው ባረፈበት ገጽ ላይ ብቻ ነው። በኩስና በጭቃ ሥር የተሸፈነ ቫይረስ አይነካውም፤ ጨለማና እርጥበት ባለበት ቤትም ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።

ስለዚህ አስቀድሞ ኩሱን ጠርጎ ማውጣት፣ መጠጫና መመገቢያውን በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያም ፀሐይ ላይ ማስጣት ያስፈልጋል። የዶሮ ቤት መስኮትም ከመስተዋት ይልቅ በሽቦ ወንፊት ቢሠራ ይመረጣል፤ መስተዋት ቫይረሱን የሚጎዳውን ጨረር በአብዛኛው ያስቀራል። የሞተች ዶሮ ግን ለፀሐይ አትተውም፤ ውሻና አሞራ ሳይጎትታት በጥልቅ ጉድጓድ መቀበር አለባት። የታመመችውንም ገበያ ማውጣት በሽታውን ለጎረቤት ማዳረስ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የክትባቱ ጉዳይ ነው። እንደ ኤችቢ ዋንና ላሶታ ያሉት የፈንግል ክትባቶች የተዳከመ ሕያው ቫይረስ የያዙ ናቸው። በጓሮ ያለውን ቫይረስ የምታጠፋው ፀሐይ ይህንንም አትምርም። ፀሐይ የመታው ብልቃጥ በመልኩ ላይለይ ይችላል። አርሶ አደሩ ዶሮዎቼ ተከትበዋል ብሎ ሲተማመን በሽታው ገብቶ ይጨርሳቸዋል፤ በሚቀጥለው ዙርም «ክትባቱ አይረባም» ብሎ ዶሮዎቹን አያቀርብም። በዚህ የሚጎዳው መላው ቀበሌ ነው።

በመሆኑም የወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ክትባቱን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚይዝ የበረዶ ሳጥን ማጓጓዝ፣ ፕሮግራሙን ማለዳ ላይ ማድረግና ጥላ ሥር መበጥበጥ ይገባቸዋል። ሙቀት ይቋቋማል የሚባለው የክትባት ዓይነትም ቢሆን ከፀሐይ መጠበቅ አለበት። በመጠጥ ውኃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን የገባበት ውኃ ክትባቱን ስለሚያበላሽ የምንጭ ወይም የጉድጓድ ንጹሕ ውኃ መጠቀም፣ መጠጫውንም ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ተገቢ ነው። አርሶ አደሩም ክትባቱ ከበረዶ ሳጥን መውጣቱን አይቶ ዶሮዎቹን ቢያስከትብ መብቱም ጥቅሙም ነው።