ስለ ባሕር መከላከያ ግድብና ስለ ረግረግ መሬት አጠባበቅ

በሰሜን ባሕር ዳር ያለው የሆላንድ አገር፥ ኔዘርላንድም የሚባለው፥ ስፋቱ የኢትዮጵያን ሃያ አምስተኛ እጅ እንኳ አይሞላም። ከዚሁ ጠባብ አገር አራተኛው እጅ ከባሕር ወለል በታች የሚገኝ ነው፤ ባሕሩ በዐውሎ ነፋስ ሲገፋ ወይም ወንዞቹ ሲሞሉ ውሃ ሊውጠው የሚችለው ደግሞ ከግማሽ ይበልጣል። ሕዝቡ ግን በዚሁ መሬት ላይ እህል ይዘራል፥ ከብት ያረባል፥ ታላላቅ ከተሞችም ሠርቶ ይኖራል። ይኸ ሁሉ በግድብ ኀይል የሆነ መሆኑን ብዙ ሰው ሰምቷል። ግድቡ ብቻውን የማይበቃ መሆኑንና ከግድቡ ፊት ያለው ረግረግ እንደ ሁለተኛ ግድብ የሚቈጠር መሆኑን ግን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። ረግረግን ከንቱ መሬት ነው ብሎ ለማድረቅ የሚቸኩል ሹም ወይም ባለመሬት በየአገሩ ስለማይታጣ፥ የሆላንድ ሰዎች በብዙ ዘመንና በብዙ ነፍስ ኪሣራ የተማሩትን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ ስለ ውጭ አገር የተነገረው ዓመት በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

በጥንት ጊዜ የአገሩ ምዕራብ ክፍል ከባሕሩ ከፍ ያለ ረግረግ ነበር። አፈሩም ሣርና ቄጠማ በውሃ ውስጥ እየሞተ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲደራረብ የተፈጠረ፥ ውሃ የጠገበ ጥቁር አፈር ነው። ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት ባላገሮቹ ቦይ እየቈፈሩ ውሃውን አፈሰሱና እህል ዘሩበት፤ ለጥቂት ዘመንም መልካም መከር አገኙ። ነገር ግን እንዲህ ያለው አፈር ውሃው ሲወጣለት ይኰማተራል፤ አየር ሲገባበትም እየበሰበሰ፥ ቀስ ብሎ እንደሚነድ ግንድ፥ መጠኑ እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ መሬቱ ዝቅ አለ፤ ዝቅ ባለ ቍጥር ቦዩን ማጥለቅ ግድ ሆነ፤ ቦዩ በጠለቀ ቍጥርም መሬቱ ይበልጥ ሰጠመ። በመጨረሻ ውሃው በራሱ መፍሰስ ስለ ተሳነው፥ ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በነፋስ በሚዞር መዘውር ወደ ላይ እየቀዱ ወደ ወንዝና ወደ ባሕር ያፈሱት ጀመር፤ ዛሬም በሞተር ይቀዳል። አፈሩ ለማገዶ ተቈፍሮ ወጥቶ ኋላም ውሃው የደረቀበት ዙይድፕላስ የሚባለው ስፍራ ከባሕር ወለል በታች 7 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ግድቡን ከፍ ያለ ያደረገው የባሕሩ መነሣት ብቻ ሳይሆን የመሬቱም መውረድ ነው ማለት ነው።

ግድቡን ማን ይሥራ፥ ማንስ ይጠግን የሚለው ነገር በዚያ አገር ከቀድሞ ጀምሮ በሕግ የተወሰነ ነበር። እያንዳንዱ ባለመሬት በመሬቱ መጠን የግድብ ድርሻ ተለክቶ ይሰጠዋል። ድርሻውን መጠገን ያቃተው ሰው አካፋውን በግድቡ ላይ ተክሎ ይሄዳል፤ አካፋውን የነቀለም ሰው መሬቱን ከነግዴታው ይወስዳል። ሕጉ የጨከነ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ሰው ቸል ያለው ዐሥር ክንድ ግድብ የጎረቤቱን ሁሉ ማሳ የሚያሰጥም ስለ ሆነ፥ በውሃ ነገር ቸልታ የግል ጥፋት ሆኖ አይቈጠርም ነበር። ይኸንንም ሥራ የሚቈጣጠሩ የውሃ ሸንጎዎች ከ13ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ተቋቁመዋል፤ የራይንላንዱ በ1255 ዓመት በአገሩ መስፍን ዘንድ የታወቀ ነበር። ዛሬ 21 ሸንጎዎች አሉ፤ ግብሩን ራሳቸው ይሰበስባሉ፥ አባሎቻቸውም በምርጫ ይሾማሉ። ሕጉ በላላበት ጊዜ የሆነውን ደግሞ የ1421 ዓመት የኅዳር ወር ጎርፍ አሳይቷል። መኳንንቱ እርስ በርሳቸው ሲዋጉ ግድቡ ሳይጠገን ቈይቶ ነበርና፥ ውሃው ሰብሮ ገብቶ የዶርድሬኽትን አውራጃ የእርሻ አገር አሰጠመው። ከዚያም ስፍራ የሚበዛው ቢስቦስ የሚባል የሸምበቆና የአኻያ ረግረግ ሆኖ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ከደረሱት ከባድ ጎርፎች አንዱ፥ በየአገሩም ሹማምንት ዘንድ ሊታወስ የሚገባው፥ የ1953 ዓመት ጎርፍ ነው። ቀኑ የካቲት 1፥ በእኛ አቈጣጠር ጥር 24 ቀን 1945 ዓ. ም. እሑድ ሌሊት ነበር። ጨረቃ ከሞላች ጥቂት ቀን ብቻ ስለ ሆነ የባሕሩ ሙላት በራሱ ከፍ ያለ ነበር፤ በዚያም ላይ ከሰሜን ምዕራብ የተነሣው ዐውሎ ነፋስ ውሃውን ወደ ጠባቡ የባሕር ክፍል ገፋው። በደቡብ ምዕራብ ባሉት ደሴቶች ግድቡ በብዙ ስፍራ ተሰበረ፤ ከ130,000 ሄክታር የሚበልጥ፥ ይኸውም ከ3,000 ጋሻ በላይ የሆነ መሬት ሰጠመ፤ 1,836 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ሌሊት በእንግሊዝ ጠረፍ 307 ሰዎች አልቀዋል።

የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት አደጋው እንደሚመጣ ቅዳሜ ዕለት አስታውቆ ነበር። ነገር ግን ራዲዮኑ በሌሊት አይናገርም ነበር፤ የማስጠንቀቂያውም ቴሌግራም ይደርሳቸው ዘንድ የተመዘገቡት ሹማምንት ጥቂቶች ነበሩ። ሕዝቡም የነቃው ውሃው ከደጃፉ ከደረሰ በኋላ ነው። የግድቦቹን ድካም መሐንዲሱ ዮሐን ፋን ፌን ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ለመንግሥት ሲያመለክት ቈይቶ ነበር፤ ነገር ግን ገንዘቡ ለሌላ ሥራ ሲውል ቀን አለፈ።

በዚያው ሌሊት በኒውቨርከርክ ከተማ አጠገብ የደቡብ ሆላንድን ሰፊ አገር የሚጠብቀው ግድብ መሰበር ጀመረ። የከተማው ሹም አንዱን ባለ ጀልባ ጠርቶ ጀልባውን በተሰበረው ስፍራ እንዲያስገባው አዘዘው፤ ባለ ጀልባውም ጀልባውን ከስብራቱ ላይ አጋድሞ እንደ መዝጊያ አቆመው፤ ግድቡም ተረፈ። ይኸ በሹሙ ንቃትና በባለ ጀልባው ድፍረት የሆነ ነው እንጂ ሥርዓት ተብሎ የሚታመንበት ነገር አይደለም።

ኋላ ስብራቶቹ ሲመረመሩ የተገኘው ነገር ግንብ ለሚሠራ ሁሉ የሚጠቅም ነው። ከግድቦቹ የሚበዙት የፈረሱት ማዕበሉ ፊት ለፊት መትቷቸው አይደለም፤ ውሃው በአናታቸው ላይ ተርፎ ወደ ውስጥ ሲወርድ፥ በስተ ማሳው ያለው ጎናቸው ቀጥ ያለ ነበርና አፈሩን ጠርጎ ከኋላ ናዳቸው። ስለዚህ ግድብ ቁመቱ ብቻ አይበቃም፤ በሁለቱም ወገን ጎኑ ረዘም ብሎ የተጋደመ ሊሆን ይገባዋል። በባሕሩ በኩል ያለው ዳገት ሲጋደም ማዕበሉ እየወጣ ጕልበቱን ይጨርሳል፤ በማሳው በኩል ያለው ሲጋደም ደግሞ የተረፈው ውሃ ሳይሸረሽር ይወርዳል። ውስጡ አሸዋ ቢሆን ላዩን በወፍራም ጭቃ አፈር መልበስ፥ በዚያም ላይ ሥሩ የተሳሰረ ሣር ማብቀል ነው። ሆላንዶች በግድባቸው ላይ በግ ያሰማራሉ፤ በግ ሣሩን አሳጥሮ ይግጣል፥ በኮቴውም አፈሩን ይጠቀጥቃል፤ ከባድ ከብት ግን ዝናብ በጠገበ ግድብ ላይ ሲወጣ ሣሩን እየቀደደ ያበላሸዋል። ከግድቡም ሥር በቅርብ ቦይ መቈፈር ክልክል ነው፤ ውሃው በታች እየሰረገ አሸዋውን ይዞ ወደ ቦዩ ይፈልቃልና። እንዲህ ያለ ምንጭ ሲፈልቅ ያልተማረ ሰው ሊደፍነው ይሞክራል፤ የደፈኑት እንደ ሆነ ግን በሌላ በኩል ይፈልቃል። የሚበጀው አሸዋ በተሞላ ጆንያ ዙሪያውን እንደ ጉድጓድ አፍ መካብ ነው፤ ውሃው በውስጡ ከፍ ሲል ክብደቱ የሚፈልቀውን ውሃ ይይዘዋል፥ አሸዋውም መውጣቱን ይተዋል።

ከግድቡ ፊት ስላለው ረግረግ ሲነገር፥ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሲመለስ የሚተወው ደለል ዋናው ነገር ነው። ሆላንዶችና ጎረቤቶቻቸው ጀርመኖች በጥልቅ ባልሆነው የባሕር ዳር ችካል በሁለት ረድፍ እየተከሉ በመካከሉ ጭራሮ ይጠቀጥቃሉ፤ በዚህም የታጠረው ውሃ ስለሚረጋ ደለሉ ይቀመጣል። ደለሉ ከፍ ሲል ጨው የሚችል ተክል ይበቅልበታል፤ ተክሉም በተራው ተጨማሪ ደለል ይይዛል። ረግረጉ እንዲህ እያለ ከባሕሩ ጋራ ከፍ ይላል፤ ከግድቡ በስተ ኋላ የደረቀው ማሳ ግን ይሰጥማል። ማዕበልም በሰፊው ረግረግ ላይ ሲያልፍ ከሣሩና ከጭቃው ጋራ ተፋትጎ ደክሞ ወደ ግድቡ ይደርሳል። የ1717 እና የ1953 ዓመት ጎርፍ መዝገብ በቅርብ ዘመን በሊቃውንት ሲመረመር፥ ሰፊ ረግረግ ከፊቱ የነበረው ግድብ ስብራቱ ያነሰ፥ ጥልቀቱም የቀነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ከ1953 በኋላ መንግሥቱ ከደቡብ ምዕራቡ የባሕር አፎች የሚበዙትን በግድብ ሊዘጋ ሕግ አወጣ። የኦስተርስኼልዴ ተራ በደረሰ ጊዜ ግን የዓሣና የባሕር ቀንድ አውጣ ነጋዴዎች፥ ረግረጉንም የሚወዱ ሰዎች ተቃወሙ፤ በዚህ የተነሣ ዕቅዱ ተለውጦ 9 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ግድብ የብረት በሮች ተደርገውለት በ1986 ዓመት ተመረቀ። በሮቹ ሁልጊዜ ክፍት ሆነው ዐውሎ ነፋስ ሲመጣ ይዘጋሉ። ይኸ ብልህ ሥራ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ የውሃው መመላለስ ስለ ቀነሰ፥ በውስጥ ያሉት የአሸዋ ሜዳዎች በማዕበል የተወሰደባቸውን የሚተካላቸው አጥተው እያነሱ ናቸው፤ ስለዚህ አሸዋ በመርከብ እያመጡ ማፍሰስ ግድ ሆኗል።

ከ1993 እና ከ1995 ዓመት የወንዝ ጎርፍ በኋላ ደግሞ ሐሳባቸው ይበልጥ ተለወጠ። በ1995 ወደ 250,000 የሚሆን ሰው ከቤቱ ተነሥቶ ነበርና፥ ግድብን ያለ ልክ ከማሳደግ ይልቅ ለወንዙ ስፍራ መልቀቅ ይሻላል ተባለ። በቢስቦስ አጠገብ ኖርድቫርድ በሚባለው ስፍራ የእርሻውን ግድብ ዝቅ አድርገው፥ ሙላት ሲመጣ ውሃው በማሳው ላይ እንዲያልፍ ፈቀዱለት። ከባለ መሬቶቹ አንዳንዶቹ ዋጋ ተቀብለው ሄዱ፤ የቀሩት በተካበ ጕብታ ላይ ቤት ሠርተው ይኖራሉ። በዚያው በአንድ ስፍራ ከግድቡ ፊት የአኻያ ደን ስለ ተተከለ፥ ማዕበሉን ደኑ ስለሚሰብረው ግድቡ ዝቅ ብሎ ሊሠራ ተችሏል። መሬቱን የለቀቀ ሰው ማዘኑ አይቀርም፤ ካሣው አስቀድሞ ተነጋግረውበት ባይከፈል ኖሮም ሥራው ባልተፈጸመ ነበር።

ኢትዮጵያ ዛሬ የባሕር ጠረፍ ባይኖራትም፥ ነገሩ በሐይቅና በወንዝ ዳር ላለ አገር ሩቅ አይደለም። በጣና ምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ በርብና በጉማራ ወንዞች ሙላት ይጠቃል፤ በ1998 ዓ. ም. ክረምትም ብዙ ሕዝብ ከቤቱ አስለቅቋል። በሐይቁ ዳር ያለው ደንገል ታንኳ መሥሪያ ብቻ አይደለም፤ ማዕበሉን ያደክማል፥ ወንዞቹም የሚያመጡትን ደለል ይይዛል። ደንገሉ ተመንጥሮ እስከ ውሃው አፋፍ ሲታረስ ለጥቂት ዓመት ማሳ ይገኛል፤ ዳርቻው ግን ያለ ጋሻ ይቀራል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ግድብ የሚያሠራ ሹም ከውሃው አፋፍ ራቅ አድርጎ መሥመሩን ቢያስይዝ፥ በመካከሉም ያለው ደንገልና ቄጠማ እንዳይታረስ ከባለ መሬቶቹና ከአካባቢው ሽማግሎች ጋራ ተነጋግሮ ቢወስን፥ ግድቡ አጠር ብሎም ይጸናለታል።

የተሠራውም ግድብ በግንቦት ወር ከዳር እስከ ዳር በእግር እየታየ፥ ፍልፈልና ጃርት የቈፈሩት ተደፍኖ፥ ሣሩ የተላጠበት ስፍራ ሣር ይለበሳል። በሌሊት ግድቡን የሚጠብቀውና ከየቀበሌው ሰው የሚቀሰቅሰውም ሰው ስሙ ተጽፎ የሚመደበው ከሰኔ በፊት ነው።